ጅማሬው ለሰመረላችሁ

ልጆቼ፣ አዲስ ያደገ ቡድን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልልቆቹን ሲጥል እንዴት እንደምትፈነጥዙ አያለሁ። እኔም ዕድሜዬን በአሰልጣኝነት ገፍቼ እንኳ ይህ ደስታ አልለቀቀኝም። ግን እንዲህ ያለ ቡድን ባየሁ ቁጥር ሀል ሲቲ ትዝ ይለኛል።

ሀል በ1904 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ወደ እንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደገው በ2008 ነው። ብዙ ሰው ገና ሳይጀመር ወራጅ ነው ብሎ ፈርዶበት ነበር። መስከረም ላይ ወደ አርሰናል ሜዳ፣ ኤምሬትስ ሄደ። መጀመሪያ ግብ ተቆጠረበት። ከዚያ የሀሉ ጂዮቫኒ ከግራ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከሳጥኑ ርቆ አክርሮ መታ፤ ኳሷ የላይኛው ማዕዘን ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋን የቡድን ጓደኛው ኩዛን ከማዕዘን ምት በግንባሩ ጨመረ። በሳምንቱ ቶተንሃምም በሜዳው ተሸነፈ። ከ9 ጨዋታ 20 ነጥብ!

ከዚያስ? በቀሩት 29 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ተጫዋቾቹ ኳስ መጫወት አልረሱም። አዲስ መጪን መጀመሪያ ላይ ማንም አያጠናውም። ትልልቆቹ ንቀውት ነቅለው ይወጣሉ፤ ከጀርባቸው ሜዳው ባዶ ይቀራል፤ እሱም በመልሶ ማጥቃት ይቀጣቸዋል። ጥቂት ወር ሲያልፍ ግን ቪዲዮው በሁሉም አሰልጣኝ እጅ ይገባል። ተጋጣሚ ወደ ኋላ ይሰበሰብና «በል ኳሱን ውሰድ፣ እስኪ ክፈተን» ይለዋል። ይሄ ሌላ ፈተና ነው። ሥራ ቦታም ያው ነው። ማንም ምንም ሳይጠብቅባችሁ ያመጣችሁት ውጤት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከእናንተ የሚጠበቅ ተራ ነገር ይሆናል።

ስለዚህ ስታሸንፉ ለምን እንዳሸነፋችሁ መርምሩ። ሲሸነፍማ ሁሉም ይመረምራል። በረኛው ስንት ጊዜ አዳናችሁ? ተጋጣሚ ስንት ያለቀለት ኳስ አባከነ? ይህን በደስታው ሰሞን የሚጠይቅ ሰው ይጠላል፤ ቢሆንም ጠይቁ።

በገና ሰሞን ሀል በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ 4 ለ 0 እየተመራ ለእረፍት ሲወጣ፣ አሰልጣኙ ፊል ብራውን ተጫዋቾቹን ሜዳው ላይ፣ ደጋፊው ፊት አስቀምጦ ጣቱን እየቀሰረ ገሠጻቸው። ለውድቀቱ ምክንያቱ ያ ነው አልልም። እኔ ግን አላደርገውም። ተጫዋች የሚወቀሰው መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው።

«የጀማሪ ዕድል ነው፣ ይወርዳሉ» የሚሉ አንጋፋዎችን ደግሞ አትስሟቸው። ሀል 35 ነጥብ ይዞ 17ኛ ወጣ፤ ኒውካስል በ34 ወረደ። ያተረፉት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ 20 ነጥቦች ናቸው። የጀርመኑ ካይዘርስላውተርን ደግሞ በ1997 ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ሊግ፣ ወደ ቡንደስሊጋው እንደተመለሰ በመክፈቻው ባየርን ሙኒክን ሙኒክ ድረስ ሄዶ 1 ለ 0 አሸነፈ። አሰልጣኙ ኦቶ ሬሃግል ቀደም ብሎ ባየርን ያባረረው ሰው ነበር። በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ አነሳ። አያችሁ፣ የዘለቀም አለ።

አሁን የምትደግፉት ቡድን እንዲህ ከጀመረ ግዙፉን ክለብ የረታበትን ጨዋታ ደጋግማችሁ አትዩ። በሜዳው ከታችኛው ቡድን ጋር የሚገጥምበትን ቀን ጠብቁ። ኳሱ ሲለቀቅለት፣ ክፍተት ሲያጣ፣ ደጋፊው ሲያጉረመርም ምን እንደሚያደርግ እሱን እዩልኝ።