ሊጉን የሚገድለው ስድስተኛው እሁድ ነው

ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። «ኮዬ ፈጬ ነው የምንኖረው። አሥራ አራት ልጆች ነን፣ አንድ ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4) አለን። እንደ ውጭው ብሔራዊ የኢስፖርት (የቪዲዮ ጌም ውድድር) ሊግ ዓይነት ደርሶ መልስ የፊፋ፣ የእግር ኳሱ ጌም፣ ሊግ ልንጀምር ነው፤ ነገ አገር አቀፍ ውድድር ሲመጣ ዝግጁ እንድንሆን። ከየት እንጀምር? ፒኤስ ፋይቭ መግዛት አለብን ወይ?» ነው ያልከው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ጎረቤት ነን። እዚህ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ሦስት የውድድር ዘመን ሊግ አካሂደናል። በችሎታዬ እንዳትጠብቀኝ። ከአሥራ አራት ሰው አሥራ ሁለተኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ውጤት የሚጻፍበት ደብተር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ እጅ ነበር። የምነግርህም ከደብተሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አሥራ አራት ሰው ደርሶ መልስ ሲጋጠም 14 በ13፣ 182 ጨዋታ ይሆናል። እንደ ኦንላይኑ አንዱን አጋማሽ 6 ደቂቃ ብታደርጉት ጨዋታው 12 ደቂቃ ነው። ግን ቡድን መምረጥ አለ፣ አሰላለፍ ማስተካከል አለ፣ «ፍጹም ቅጣት ምት ነበር» ብሎ ከማሽን ጋር መጨቃጨቅ አለ። እልህ የያዘው ሰው ደግሞ የጎሉን ሪፕሌይ ሆን ብሎ እስከ መጨረሻው ያሳይሃል። ስለዚህ 20 ደቂቃ ያዝለት። እሁድ እሁድ ለአራት ሰዓት ብትቀመጡ 12 ጨዋታ ትጨርሳላችሁ። 182ን ለ12 አካፍለው። አሥራ ስድስት እሁድ። አራት ወር መሆኑ ነው።

እኛም የመጀመሪያውን ዘመን ልክ እንዲህ ነው የጀመርነው። የመጀመሪያ እሁድ ቤቱ መቆሚያ አልነበረውም። አምስተኛው ላይ ዘጠኝ ሰው መጣ። ስድስተኛው እሁድ አምስት ሆነን ተፋጥጠን ተቀመጥን። ዋንጫ እንደማያገኝ ያወቀ ሰው እሁድ ከሰዓት ያልታጠበ ልብሱ ትዝ ይለዋል። ከላይ ያለው ደግሞ «በቃ በልቻታለሁ» ብሎ ይዝናናል። ባልመጡት ላይ ፎርፌ 3 ለ 0 እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ፎርፌ ያገኘ ልጅ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ከአሥረኛ ወደ ስድስተኛ ወጣ። ያኔ ነው ሰንጠረዡ ውሸት እንደሆነ ሁሉም የገባው። ሊጉም እዚያው ላይ አለቀ። አዋጅም አልነበረው፣ ዝም ብሎ ቀረ።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። እኛ ያደግንበት ፕሌይስቴሽን ቤት ተሸናፊ ከፋይ ነው። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ተረኛው ይገባል። እያንዳንዷ ጨዋታ ፍጻሜ ናት። አቻ የሚባል ነገር የለም፣ በፔናሊቲ ይለያል። እንዲህ ሆነህ ስታድግ እጅህ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ነጥብ መቁጠር አትማርም።

«ሞተር» የምንለው ልጅ ነበረን፤ ከሰፈሩ አንደኛ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ሁለተኛውን ዘመን በአንድ ዙር ብቻ አደረግነው፤ 91 ጨዋታ፣ ስምንት እሁድ። ሞተር አንድ እሁድ 2 ለ 0 ተመራ። አንድ አግብቶ በጠባብ ልዩነት ቢሸነፍ ምንም አልነበረም። እሱ ግን ተሸናፊ ከፋይ ላይ እንዳለ ሰው ተከላካዮቹን ሁሉ ወደ ፊት ነዳቸው፣ 6 ለ 0 ወጣ። ስቀን ረሳነው። ዘመኑ ሲያልቅ ከአንደኛው ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በሁለት የጎል ልዩነት ዋንጫውን አጣ። ደብተሩን ከእጄ ቀምቶ ያችን እሁድ ሲፈልጋት አልረሳውም። ሦስት ጊዜ ደመረው።

ስለዚህ ለአገር አቀፍ ውድድር መዘጋጀት ስትለኝ፣ የምትለማመዱት ይህንን፣ ነጥብና ጎል መቁጠሩን፣ ነው እልሃለሁ። ጎል አገባብን ዩቲዩብም ያስተምራችኋል።

አሁን ወደ ቅርጹ። የውጭውን ካነሳህ የጀርመኑን ተመልከት። ቪርቹዋል ቡንደስሊጋ (የቡንደስሊጋው የጌም ውድድር) እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር የግለሰቦች ውድድር ነበር። በ2018/19 የውድድር ዘመን የክለቦች ሊግ ተጨመረበት፣ የመጀመሪያውንም ቬርደር ብሬመን ወሰደው። እኔን የገረመኝ አጨዋወቱ ነው። ሁለት ክለቦች ሲገናኙ ሦስት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አንዱ በፕሌይስቴሽን አንድ ለአንድ፣ አንዱ በኤክስቦክስ አንድ ለአንድ፣ ሦስተኛው ሁለት ለሁለት። ጌሙ ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች አጠቃላይ ብቃትም 85 ላይ እኩል ይደረግ ነበር።

ሦስተኛውን ዘመን ከዚህ ሰረቅን። አሥራ አራታችን ሰባት ጥንድ ሆንን። አንደኛው ከአሥራ አራተኛው፣ ሁለተኛው ከአሥራ ሦስተኛው እያልን አጣመርን። ለእኔ ሦስተኛው ደረሰኝ፣ ምስኪን። ሰባት ጥንድ አንድ ዙር ሲጋጠም 21 ግጥሚያ ነው። እያንዳንዱ ሦስት ጨዋታ አለው፤ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ሁለት ለሁለት። በየእሁዱ ሦስት ግጥሚያ፣ ማለትም ዘጠኝ ጨዋታ፣ ሦስት ሰዓት። ሰባት እሁድ ላይ ያልቃል። አንድ ጥንድ በየሳምንቱ ያርፋል፤ አራፊው ደብተር ይይዛል፣ ዳኛም ነው። ስድስተኛው እሁድ ላይ አንድ ዙር ብቻ ስለሚቀር ልብስ አጠባ ማንም ትዝ አይለውም። ብትቀር ደግሞ ጓደኛህን ነው የምትጥለው፤ በራፍህ ድረስ መጥቶ ያንኳኳል።

ድልድሉን እንዲህ አውጣ። ሰባቱን ስም በትንንሽ ወረቀት ጻፍ፣ ስምንተኛዋ ላይ «አራፊ» በል። አራት አራት አድርገህ በሁለት መስመር ፊት ለፊት ደርድራቸው፤ የተያዩት ይጋጠማሉ። በሚቀጥለው እሁድ የመጀመሪያዋን ወረቀት ሳትነካ ሌሎቹን በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ አዙር። በሰባተኛው እሁድ ሁሉም ከሁሉም ተገናኝቶ ያልቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት በጭንቅላቴ እደለድል ነበር፤ አንዴ ሁለት ልጆችን ሦስት ጊዜ አጋጥሜ ተሰድቤያለሁ።

ቡድን በተመለከተ፣ ሁሉም ሪያል ማድሪድ ወይ ሲቲ እንዳይዝ ጌሙ አራት ተኩል ኮከብ የሰጣቸውን ቡድኖች ብቻ ጻፉና በዕጣ ተካፈሉ። የወጣላችሁን እስከ መጨረሻው ትይዛላችሁ። ማልቀስ ይኖራል፣ ያልፋል።

ቀኑ እሁድ ይሁን። ቅዳሜ አይሆንም። የእንግሊዝ ሊግ ቅዳሜ በ11 ወይም በ12 ሰዓት ሲጀምር አርሰናልና ማንቼ ደጋፊው በሙሉ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። እሁድ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ከተጫወታችሁ ቤተ ክርስቲያንም ምሳም ያልቃል፣ ከኳሱም በፊት ትጨርሳላችሁ። ጥቅምት ላይ ጀምሩ። በክረምት መብራቱም ኔትዎርኩም ከዝናቡ ጋር ይጠፋል፣ ሰኔ ደግሞ ማትሪክ ተፈታኙ አይገኝም።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር ይህችን ስማኝ። በሁለተኛው ዘመን የመጨረሻ ዙር፣ በጌሙ ሰዓት 82ኛው ደቂቃ ላይ፣ 2 ለ 1 እያለ ድርግም አለ። መሪው «አልቋል» አለ፣ ተመሪው «ከዜሮ ይጀመር» አለ። የተጻፈ ደንብ አልነበረንም። ሁለቱ ልጆች አንድ ብሎክ ነው የሚኖሩት፣ ሁለት ወር ሰላም ሳይባባሉ በአንድ ደረጃ ወጡ ወረዱ። አሁን ደንባችን ይህ ነው። ከእረፍት በፊት ከሄደ ከዜሮ ይጀመራል። ከእረፍት በኋላ ከሄደ ውጤቱ ይያዛል፣ የቀረው ደቂቃ ብቻ ይሞላል። 82 ላይ ከጠፋ አዲስ ጨዋታ ትከፍታላችሁ፣ የጨዋታው ሰዓት 8 ሲል ታቆማላችሁ፣ የገባ ጎል ካለ ይደመራል። ለዚህ ነው አራፊው ጥንድ ጎል በገባ ቁጥር ደቂቃውን መጻፍ ያለበት። ሳትጀምሩ ጻፉትና ግሩፓችሁ ላይ ለጥፉት።

የሊጉን መዋጮ አንድ ሰው በቴሌብር ይሰብስብ፣ ስክሪንሾቱ ለሁሉም ይታይ። በጨዋታ ላይ ውርርድ እንዳታስገቡ። ሃምሳ ብር ያስያዘ ሰው ዳኛውን ሲያይ ዓይኑ ይቀየራል።

ከሰፈር ስትወጡ የሚገጥማችሁን ልንገርህና ልጨርስ። አንድ ጊዜ መሀል ከተማ ወደተዘጋጀ ውድድር ሞተርን ይዘን ሄድን፤ አዘጋጁን አልጠራም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተባልን፣ 12 ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ያዝን። 8 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ትልቅ ቲቪ ነበር። ሞተር ሁለት ኳስ አበላሽቶ ዞር ብሎ «ጆይስቲኩ ይዘገያል» አለኝ። ሰበብ መሰለኝ። ተሸንፎ መጣ። በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ትልልቅ ቲቪዎች ምስሉን ሲያሳምሩ ትንሽ ያዘገዩታል፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ጌም ሞድ ማብራት ያስፈልጋል። ማንም አላበራውም ነበር። እኔም አልጠየቅኩም። አሁን የትም ስንሄድ ከመቀመጣችን በፊት የምንጠይቀው እሱን ነው።

ኦንላይን ከሆነ ደግሞ ከስልክ ሆትስፖት ራቁ። ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ እንኳ ፒንጉ (የኔትዎርኩ መዘግየት፣ በሚሊሰከንድ) ይዘላል፤ ቋሚ 120 ከሚዘልል 60 ይሻላል፣ እጅ ይለምደዋል። ገመድ ካገኛችሁ በገመድ።

ፒኤስ ፋይቩን አሁን አትግዙ። እርግጥ ነው፣ የጌሙ የፒኤስ ፎር ቅጂ ከፒኤስ ፋይቩ ቅጂ ጋር ኦንላይን አይጋጠምም፣ ትልልቆቹ ውድድሮችም ወደ ፋይቩ ዞረዋል። ግን ለሰባት እሁድ የሰፈር ሊግ ምን ይሠራላችኋል? በዚያ ብር ሁለተኛ ያገለገለ ፒኤስ ፎርና ቲቪ ብትፈልጉ ሦስቱ ሰዓት አንድ ተኩል ገደማ ይሆናል። ትርፍ ጆይስቲክም ያዙ። ሁለት ለሁለት አራት ይፈልጋል፣ ከአራቱ የአንዱ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚነዳው) ደግሞ ሁልጊዜ ብቻውን ወደ ግራ ይሄዳል።