ሐዋሳ ሄጄ የጉራጌ ክትፎ በልቼ ተመለስኩ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለፈው ወር ለሥልጠና ሐዋሳ ሦስት ቀን ሰንብቼ ነበር። የሲዳማ ምግብ ልቅመስ ብዬ ሁለት ቤት ገባሁ። አንዱ ጋ ክትፎ በቆጮ፣ ሌላው ጋ ጥብስ በእንጀራ ቀረበልኝ። «ቡርሳሜ አላችሁ?» ብል አስተናጋጁ «ነገ ከመጡ ይደርሳል» አለኝ። ነገ ደግሞ የምመለስበት ቀን ነበር። አሁን ከባለቤቴ ጋር ልንመጣ ነው፤ እሷ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። የት እንብላ?
(ከኮልፌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስተናጋጁን አትቀየመው፣ እውነቱን ነው የነገረህ። ክትፎው ደግሞ የጉራጌ ማዕድ ነው፤ ምንም አይወጣለትም፣ ግን ለእሱ ከኮልፌ እዚህ ድረስ መምጣት አልነበረብህም። ጉራጌም ሲዳማም ቤት እንሰት ይበላል፣ እንግዳ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሲዳማ ቆጮውን ወሳ ይለዋል፤ ቡርሳሜ የሚሠራውም ከእሱ ነው።

ለምን ነገ እንዳለህ ልንገርህ። ጎረቤቴ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የከረመውን ሊጥ አውጥታ ውሃውን ጥርግ አድርጋ ትጨምቀዋለች። ከዚያ ቢላዋዋን ይዛ ጣውላው ላይ ደቅ ደቅ፣ ቃጫው ጥርስ ውስጥ እንዳይገባ እስኪልም ድረስ መክተፍ ነው። «እጄ ዛለ» ብላ ለልጇ ስትሰጣት ልጅቷ ሁለት ደቂቃ ሳትሞላ ሸሸች። የተከተፈው ተነፍቶ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ መጀመሪያ የሚመጣው የኮመጠጠ ሽታ ነው፣ ቆይቶ የቆሎ የቆሎ ይላል። የነጠረው ቅቤ የሚገባው ያኔ ነው። ጠግቦ እንደሆነ ለማወቅ በጣትህ ጫን ብታደርገው ቅቤው ብቅ ይላል። ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፣ አጠገቡ እርጎ። ይህን ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ ድንገት ለገባ ሰው ማን ይሠራለታል?

እኔም ተቀጥቼበታለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት እንግዶቼን ሳልደውል አንድ ቤት ይዤ ገባሁ። የትናንቱን አሙቀው አመጡልን፤ ቅቤው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ረግቷል። እንግዶቼ በጨዋ ደንብ እርጎውን ጨርሰው ቡርሳሜውን አቆዩት። የቤቱን ስም አልጠራም፤ አለመደወሌ የራሴ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ከመምጣትህ ሁለት ቀን አስቀድመህ ለምታርፍበት ሆቴል ደውል፣ «ለሐሙስ ምሳ ቡርሳሜ የሚያዝልኝ ሰው አለ?» በላቸው። ሠራተኞቹ ውስጥ እናቱ ወይም አክስቱ የምትሠራ አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ካልሆነ በባጃጅ ወደ ቱላ ውረድ፤ እዚያ ምግቡ ለቱሪስት ሳይሆን ለባለአገሩ ነው የሚሠራው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ቅቤው የመቼ ነው? መልሱን ሳይሆን ፊታቸውን እይ።

ቀኑ ከገጠመልህ ደግሞ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላ ና። አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ኮከብ አይተው ቀኑን ስለሚወስኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መዝግቦታል። ትውፊቱ እንደሚለው ፊቼ ያገባች የሲዳማ ሴት ናት፤ በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣና ለጎረቤት ሁሉ ይዳረሳል። በዋዜማው ሰው ቤት ከተጠራህ ምግብ ቤት መፈለግህን ትተዋለህ፣ አምነኝ።

የባለቤትህን ነገር አልረሳሁትም። ረቡዕና ዓርብ ቡርሳሜ አይሆናትም፣ ቅቤ ነዋ። የተቀቀለ አሚቾ፣ ማለትም የእንሰት ሥር፣ በዳጣ ካገኘች ግን እሷ ናት የምትቀናብህ ሳይሆን አንተ ነህ የምትቀናባት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰው፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የምትበላ ከሆነ ጠዋት በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረዱ። ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ገፈው፣ አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውራሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ሽማግሌ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጥሬውን በሎሚና በዳጣ የሚበላ ብዙ ነው። እኔ ትቼዋለሁ፤ የሐይቅ ዓሣ ትል ሊኖርበት ስለሚችል እናንተም ጥብሱን ብትሉ ይሻላል። ካሜራህን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ጦጣዎቹ አያፍሩም።

ስትደውል ለስንት ሰው እንደሆነ ንገራቸው። አንድ ሻፌታ ለሁለታችሁ ይተርፋል።