ግሉኮሱ ከመሰቀሉ በፊት

ሯጮች ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ገደማ በሕክምና ሙያ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውንም ጊዜ ያሳለፍኩት ሯጮችን በማከም ነው። ስለ አበረታች ቅመም ሲወራ የምትሰሙት አውቀው ስለሚወስዱት ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ማጭበርበር በሐሳቡ የሌለው፣ ከልምምድ መልስ ጉልበቱ ዝሎ ወደ ሠፈር ክሊኒክ የሚገባው ልጅ ነው።

በእኛ አገር «አቅም አነሰኝ» ላለ ሰው ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ቤተሰብም ይጠይቃል፤ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። የስፖርቱ የፀረ አበረታች ቅመም ደንብ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድን ይከለክላል፤ ውድድር ቢኖርም ባይኖርም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ስኳርና ውሃ ብቻ ቢሆንም ክልክል ነው፤ ፈሳሹ ደምን አቅጥኖ ሌላ ነገርን ሊሸፍን ይችላልና። አንድ ተራ የግሉኮስ ከረጢት ደግሞ 500 ወይም 1000 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለሆስፒታል ሕክምና፣ ለቀዶ ጥገና እና ለምርመራ ሲባል የተሰጠ ፈሳሽ አይከለከልም። እንግዲህ ነገሩ የሚደበዝዘው እዚህ ላይ ነው። ሯጩ ታሞ ነበር ወይስ ደክሞት? የሠፈሩ ክሊኒክስ እንደ ሆስፒታል ይቆጠራል? ከወራት በኋላ ጥያቄው ሲነሣ የሚመሰክረው ካርዱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ ለአንዲት ሯጭ ሊትር ሙሉ ሰቅዬላታለሁ። ካርዷ ላይ የጻፍኩት «ድካም» የሚል አንድ ቃል ነበር። የሙቀት ልኬት የለም፣ የደም ግፊት የለም፣ የበሽታ ስም የለም። በዚያ ሰሞን የአበረታች ቅመም መርማሪ አልመጣባትም። ደንቡን በቅጡ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መርማሪ ቢመጣ ኖሮ የምትታገደው እሷ ነበረች፤ እኔማ በማግሥቱ ሥራዬ ላይ ነኝ።

ደንቡ መጀመሪያ የሚያየው የተከለከለው ነገር በሰውነታችሁ መገኘቱን ነው። ማን ሰጣችሁ፣ አስባችሁበት ነበር ወይ የሚለው የሚመጣው ቅጣቱ ሲለካ ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ሆኖም ያለዚህ ማንም «አላወቅሁም» ብሎ ያመልጥ ስለነበር እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል እንደሚያርፍ አድርጎ ማውራትን ነው። ንጥረ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ያለበት አትሌቱ ነው። ገንዘብ ያለው ጠበቃ ይቀጥራል፣ የወሰደውን የኃይል ማጠናከሪያ ዱቄት በላቦራቶሪ ያስመረምራል። የእኛ ልጅ ግን ምልክት የሌለውን ዱቄት ከሰው እጅ ተቀብሎ፣ ዕቃውን ጥሎ፣ የሰጠውን ሰው ስልክ እንኳ ሳይዝ ይቀራል።

ምርመራው ራሱ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ፆታችሁን የሚጋራ ሰው እያየ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ትሰጣላችሁ። ጠርሙሶቹን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ናሙናው ኤ እና ቢ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ይታሸጋል፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው በቁጥር እንጂ በስማችሁ አይደለም። እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመርም ይችላል። ከጎናችሁ ሰው እንዲኖር፣ አስተርጓሚም እንዲገኝ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በቅጹ ላይ ባለፉት ሰባት ቀናት የወሰዳችሁት መድኃኒት ይጠየቃል። ብዙዎቻችሁ ፈርታችሁ «ምንም» ታስጽፋላችሁ። እባካችሁ ተናገሩ፤ ለራስ ምታት የዋጣችሁትንም ጭምር። መናገር የተከለከለ መድኃኒት ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም፤ ፈቃድ የሚገኘው የሕክምና ማስረጃ አቅርቦ አስቀድሞ በማመልከት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የተጻፈ ቃል በኋላ ከሚነገር ቃል ይልቅ ይታመናል።

ከፍ ወዳለው ደረጃ ስትደርሱ ለድንገተኛ ምርመራ ያላችሁበትን ቦታ ማስመዝገብ ይመጣል። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የምትገኙበትን አንድ ሰዓት ትመርጣላችሁ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣችሁ ወይም ምዝገባውን ካጓደላችሁ፣ አንዲት ጠብታ ሽንት ሳይመረመር ትታገዳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሜሪካዊው ክርስቲያን ኮልማን በዚህ ምክንያት የቶኪዮ ኦሊምፒክ አመለጠው። ከታጣባቸው ቀናት አንዱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ሲሆን፣ እሱ ያለው ቤቱ አቅራቢያ ገበያ እንደ ነበረ ነው። እናንተን ገበያ ሳይሆን ለቅሶ ነው የሚወስዳችሁ። ኔትወርክ ወደሌለበት ገጠር ከመሳፈራችሁ በፊት አድራሻችሁን ቀይሩ። ማናጀር ቢሞላላችሁም ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ስለ ጫት ጥቂት ልበል፤ ማንም በግልጽ አይነግራችሁምና። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ካቲኖን እና ካቲን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። የውድድር ጊዜ የሚባለው ደግሞ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት ገደማ ጀምሮ ያለው ነው፤ ሰውነታችሁ ግን በዋዜማው ቀን የቃማችሁትን እኩለ ሌሊት ላይ አራግፎ አይጥልላችሁም። ቡናችሁን ግን ጠጡ፤ ካፌይን እ.ኤ.አ. በ2004 ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል። ዝርዝሩ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን ይታደሳል። የቴኒስ ተጫዋቿ ማሪያ ሻራፖቫ ለዓመታት ስትወስደው የኖረችው ሜልዶኒየም የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2016 መባቻ ሲከለከል አዲሱን ዝርዝር አላየችም፤ ከሜዳ 15 ወር ራቀች።

በቅርቡ አንድ ልጅ ጉንፋን ይዞት መጣ። ውድድሩ እሑድ ነበር። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ «ዶክተር፣ መጀመሪያ ሯጭ እንደሆንኩ ካርዱ ላይ ይጻፉልኝ» አለኝ። ከፋርማሲ ገዝቶ የያዘውን ሽሮፕ አብረን አነበብነው፤ ሱዶኤፌድሪን አለበት፣ በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ከተገኘ የሚያስቀጣ። ቀየርኩለት። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ጽፌ የካርዱን ቅጂ ሰጠሁት፤ አጥፎ መታወቂያው ውስጥ ከተተው።