ማግኔት ያልያዘው ኮፈን

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩትን ዓይነት መኪና ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለሽያጭ ቀርቦ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ የሸራ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ኤም ጂ ቢ የተባለ ቀይ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ነው። ሻጩ እንደሚለው መኪናው አዲስ ከተገዛበት ቀን አንሥቶ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም፤ ዳግመኛ ቀለም አልተቀባም፤ የወንበሮቹ ቆዳም ፋብሪካው የለበጠው ነው፤ ቆጣሪው 43 ሺህ ማይል ያነባል። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ግን ከቆመበት ጋራዥ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ቀለሙ ደብዝዟል፣ በሾፌሩ በኩል ያለው የወንበር ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ የኋላው የፕላስቲክ መስኮትም ቢጫ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ የጎደለ ነገር አላየሁበትም።

አብሮኝ የሄደ መካኒክ ወዳጄ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹን ሲሞክር ያዘለት፤ የሞተሩ መክደኛ ኮፈን ላይ ሲደርስ ግን ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። «ይህ ኮፈን በስቱኮ የተሞላ ነው፤ ሰውየው ዋሽቶሃል» አለኝና ተመለስን። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ተመሳሳይ መኪና ትንሽ ጨመር ባለ ዋጋ ቀርቦልኛል። ወዳጄ ልክ ነው? የትኛውን ብገዛ ይሻላል? ያልታደሰውን ከገዛሁስ ባትሪ ቀይሬ፣ ቤንዚን ጨምሬ፣ አስነሥቼ ወደ ቤቴ ልነዳው እችላለሁ?

እንቅልፍ ያጣሁ አንባቢያችሁ

መልስ

ከማግኔቱ ልጀምር። ወዳጅዎ ያደረገው ሙከራ ትክክለኛ ነው፤ የደረሰበት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው። ኤም ጂ ቢ በ1962 (ዓመታቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. እጠቅሳለሁ) ለገበያ ሲቀርብ አብዛኛው የቦዲው ክፍል ከብረት ላሜራ ቢሠራም ኮፈኑ ከአሉሚኒየም ነበር፤ በብረት የተተካው በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ በ1966 የተሠራን ኮፈን ማግኔት አለመያዙ ለሻጩ የሚመሰክርለት እንጂ የሚመሰክርበት አይደለም። ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ቢይዝ ኖሮ ግን የመጀመሪያው ኮፈን የት እንደሄደና መኪናው ከፊት ተጋጭቶ እንደሆነ መጠየቅ በተገባዎት ነበር። ማግኔት በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹን መያዙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ይሁንና ስስ ስቱኮ ካለበት ላሜራ ላይም ማግኔት ላላ ብሎ ስለሚይዝ፣ የቀለም ውፍረት በማይክሮን የሚለካ መሣሪያ ተውሰው ቢመለሱ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናሉ። የሚፈልጉት አንድ የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን ተቀራራቢነት ነው፤ አንዱ በር ከሌላው በር በእጥፍ የወፈረ ንባብ ከሰጠ ያ በር ዳግመኛ ተቀብቷል ማለት ነው። ለኮፈኑ አሉሚኒየምንም የሚያነብ መሣሪያ መሆን እንዳለበት አይዘንጉ፤ አለዚያ ወዳጅዎ የሠራውን ስሕተት በውድ ዕቃ ይደግሙታል።

«ያልታደሰ» የሚለው ቃል በሻጮች አንደበት ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ዘይቱ በወቅቱ እየተቀየረለት፣ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልሎ፣ ሳይነካካ የቆየ መኪና ነው፤ ሌላው ባለቤቱ ገንዘብ ወይም ፍላጎት አጥቶ የጣለውና ኋላ ላይ ያማረ ስም የወጣለት ነው። የእርስዎ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው ሻጩ የሚያወጋዎት ታሪክ ሳይሆን በመኪናው ላይ ያለው ነገር ነው። ለምሳሌ እስከ 1965 መጀመሪያ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች የበር እጀታቸው ተስቦ የሚከፈት ሲሆን ከዚያ በኋላ የመጡት አዝራር ተጭነው የሚከፈቱ ናቸው፤ የእርስዎ የኋለኛው ዓይነት ሊሆን ይገባል። የሻንሲ ቁጥሩ «ጂ ኤች ኤን 3» በሚል ይጀምራል፣ መሪው በግራ ከሆነ «ኤል» ፊደል ይከተለዋል፤ በሞተሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ «18 ጂ ቢ» በሚሉ ምልክቶች መጀመር አለበት፤ ይህም ክራንክ ዘንጉን በአምስት ኩሽኔታ የሚይዘው፣ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የተገጠመው ባለ 1798 ሲሲ ሞተር ነው። በእንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ተሽከርካሪ ሙዚየም ከፋብሪካው መዛግብት እየገለበጠ በክፍያ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መኪናው የተሠራበት ቀን፣ የሞተር ቁጥሩ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም፣ የወንበሩ ልባስና የተላከበት አገር በዚያ ላይ ይሰፍራሉ። ቀዩ መኪና በመዝገብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከመግዛትዎ በፊት ያስመጡ።

ይህ ሁሉ ግን ከበሩ ደፍ ምርመራ በኋላ ይመጣል። ኤም ጂ ቢ እንደ ቀደምቶቹ የስፖርት መኪናዎች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሸክሙን ይሸከማል፤ ጣሪያ የሌለው በመሆኑ ደግሞ መኪናው መሐል ላይ እንዳይጎብጥ የሚይዙት በሁለቱ በሮች ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተዘረጉት፣ ከላሜራዎች ተደራርበው የተሠሩት ሳጥን መሰል ደፎች ናቸው። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ ከፓራፋንጎው ጀርባ ተጠራቅሞ እርጥበቱ ወደ ደፉ ይወርዳል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ በውጭ ብቅ ብሎ ሲታይ ውስጡ ብዙውን ጊዜ አልቋል። አንዳንዱ ሻጭ የበሰበሰውን ሳይቆርጥ አዲስ ላሜራ በላዩ ይበይድበታል። ይህንን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ በሩን ዘግተው በበሩና በኋላው ቦዲ መካከል ያለውን ክፍተት በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ከዚያ መኪናውን በራሱ የክሪክ ማንሻ ቦታ በኩል በዝግታ ያንሡትና በሩን ለመክፈት ይሞክሩ። ክፍተቱ ጠብቦ በሩ ከተያዘ ደፉ አቅም የለውም፤ የክሪኩ ቦታ ራሱ እየተሰባበረ ከገባ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ መኖራቸውን፣ የፋብሪካው የነጥብ ብየዳ በተርታ መታየቱን፣ ምንጣፉ ሲነሳም የወለሉ ጠርዝ ጤነኛ መሆኑን ይመርምሩ። ከወንበሮቹ በስተጀርባ ካለው መክደኛ ሥር ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በየሳጥናቸው ይቀመጣሉ፤ እነዚያ ሳጥኖች በአሲድ ተበልተው መገኘታቸው የተለመደ ነው፣ ነገር ግን የሚጠገን ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

ስለ ቆጣሪው አጭር ቃል፦ የዚህ መኪና ቆጣሪ ሙሉ ማይሎችን የሚቆጥረው በአምስት አኃዝ ብቻ ነው፤ 143 ሺህ የሄደውም 43 ሺህ ያነባል። የፔዳሎቹ ጎማ፣ የመሪው ጠርዝና የበሩ ማጠፊያ ማለቅ ከቁጥሩ ጋር ይስማማ እንደሆነ ያስተያዩ፤ የቆዩ የጥገና ደረሰኞች ካሉ ደግሞ ቁጥሩን በየዓመቱ መከተል ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ኤም ጂ ቢ ራሱ ብርቅ መኪና አይደለም፤ እስከ 1980 ድረስ፣ ጣሪያው ድፍን የሆነው ዓይነት ተጨምሮበት፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። መለዋወጫው እስከ ሙሉ ቦዲው ድረስ ይገኛል፤ ከ1988 ጀምሮ በጥንቱ የፋብሪካ የላሜራ መቅረጫ አዲስ ቦዲ እየተሠራ ሲሸጥ ቆይቷል። ይህ ማለት የታደሰ ኤም ጂ ቢ ነገም ከነገ ወዲያም ይገኛል፣ ገንዘብ ያለውም ሰው አንዱን አዲስ አድርጎ ሊያሠራ ይችላል ማለት ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ የረጨውን ቀለም፣ ያ ዘመን የሰፋውን ቆዳ፣ ማንም ፈትቶት የማያውቀውን ብሎን ግን ማንም አያሠራውም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም፣ ሐውልቶችን ስለመጠበቅ በ1964 የወጣውን የቬኒስ ቻርተር መንፈስ ተከትሎ፣ ያለውን መጠበቅ ከማደስ እንዲቀድም ይመክራል።

ቢሆንም ምክሬ ቅድመ ሁኔታ አለበት። የበሮቹ ደፎች ጤነኛ ከሆኑ ያለማመንታት ያልታደሰውን ይግዙ። ደፎቹ ከበሰበሱ ግን ይተዉት፤ ምክንያቱም እነርሱን ለመቀየር ፓራፋንጎ ይወርዳል፣ ላሜራ ይቆረጣል፣ የጎኑ ቀለም ይቃጠላል፤ ገንዘብዎን የከፈሉበትን ያልተነካ ነገር በገዛ እጅዎ ያፈርሱታል። የታደሰውን በሚመለከት፣ የሚያብረቀርቀው ቀለም ከሥሩ ስላለው ላሜራ አንዳች አይነግርዎትም። ሻጩ በእድሳቱ ወቅት የተነሡ ፎቶግራፎችና ደረሰኞች ካሉት ይመልከቷቸው፤ ከሌሉት ከደበዘዘው ቀለም ይልቅ የሚያብረቀርቀውን ቢጠራጠሩ ይሻላል። ደብዛዛው ቢያንስ የሚደብቀው የለውም።

አስነሥቶ መንዳቱን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ዘጠኝ ዓመት የቆመን ሞተር ቁልፍ አዙሮ ማስነሣት የደረቁ ሲሊንደሮችን መፋቅ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትተው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ያንጠባጥቡ፣ አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ከዚያ ሞተሩን በእጅ ያዙሩት፤ በነፃነት ከዞረ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይረው፣ ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ ያዙሩት። ከታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ስለተለወጠ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፤ የድሮዎቹ የጎማ ቱቦዎች ኤታኖል የተቀላቀለበትን የዛሬ ቤንዚን ስለማይችሉት ይቀየሩ፤ የሚያፈስ የቤንዚን ቱቦ የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ነው። ባትሪ ሲያገናኙ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ እስከ 1967 መኸር ድረስ የተሠሩት እነዚህ መኪናዎች ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ገመዳቸው ፖዘቲቩ ነው። ከጊዜ በኋላ ወደ ኔጌቲቭ የተለወጡም ስላሉ ገመዱን ተከትለው ያረጋግጡ እንጂ በልማድ አይሰሩት።

ፍሬኑ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። የዚህ ዘመን ኤም ጂ ቢ ፍሬን በአንድ መስመር የሚሠራ ነው፤ ዘይቱን የምትይዝ አንዲት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ከተቀደደች አራቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ያለ ፍሬን ይቀራሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በቆመ መኪና ውስጥ ሲሊንደሮቹን ያዝጋል፣ ተጣጣፊዎቹ ቱቦዎችም ከውስጥ ያብጣሉ። ስለዚህ ጎሚኒዎቹ፣ ቱቦዎቹና ዘይቱ ሁሉ ሳይቀየሩ መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስ፤ ወደ ቤትዎ በጭነት መኪና ይሂድ። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆን እንኳ ዕድሜያቸውን ይዩ፤ ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ላይ የሚነበበው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። እነዚህን መቀየር መኪናውን «ያልታደሰ» ከመባል አያወጣውም፤ ጎማና የፍሬን ጎሚኒ በባሕርያቸው አላቂ ናቸው። የሚወልቀውን አሮጌ ዕቃ ግን አይጣሉት፤ ስሙንና የወለቀበትን ቀን ጽፈውበት በካርቶን ያስቀምጡት።

በመጨረሻ መንዳት ሲጀምሩ፣ መኪናው እየሄደ አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ሲሞክሩ ቢጮህ ካምቢዮው ተበላሸ ብለው እንዳይደነግጡ፤ በዚህ ሞዴል አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹን ያለ ጩኸት የሚያስገባው ክፍል) የለውም፣ የሚገባው ቆሞ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከጮሁ ግን ካምቢዮውን ያስመርምሩ።

ጥያቄ

ተመሳሳይ መኪና ከአባቴ ወርሻለሁ። ቀለሙን በማሽን አስወልውዬ፣ የተሰነጠቀውን የወንበር ቆዳ በአዲስ ላስለብሰው አስቤያለሁ። ሸራ ጣሪያውም ተኮማትሮ አልደርስ ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ

ማሽኑን ይተዉት። የዚያ ዘመን ቀለም በእያንዳንዱ መወልወል እየሳሳ ይሄዳል፤ በጠርዞችና በእጥፋቶች ላይ ደግሞ ከመነሻውም ስስ ስለሆነ አንድ ደቂቃ የበዛ ውልወላ ላሜራውን ያወጣዋል፣ የወጣው አይመለስም። በእጅ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ሻካራነት በሌለው ማጽጃ ጥቂት በጥቂት ይሥሩት፤ ጨርቁ ላይ የሚያዩት ቀለም የሚያልቀው ቀለምዎ መሆኑን እያሰቡ።

ቆዳውን ለብ ባለ ውኃና ለቆዳ በተሠራ ሳሙና አጽድተው ካለሰለሱት አብዛኛው ስንጥቅ ባለበት ይቆማል። የተተረተረ ስፌት ካለ በነበረው ቀዳዳ በኩል ይሰፋ። አባትዎ የተቀመጡበትን ወንበር አዲስ ማልበስ የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም ነበር።

ሸራ ጣሪያው የተኮማተረው ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ስለቆየ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ ላይ አቁመው እስኪሞቅና እስኪለሰልስ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሳያስገድዱ ከፊት በኩል ያስይዙትና ተወጥሮ ለጥቂት ቀናት ይቆይ። ሲያጥፉት የፕላስቲኩ መስኮት እንዳይፋተግ ፎጣ ጣል ያድርጉበት፤ በብርድና እርጥብ ሳለ ፈጽሞ አይጠፉት።