ቆርኪው፣ ሳፋው እና የሐይቁ ጠጠር

ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የእድገት እክል ስላለባቸው ልጆች ናቸው። አንዷ እናት “ጨዋታው ይቅርና ትምህርቱን ንገሪኝ” ብላኛለች። እኔ ግን በልዩ ፍላጎት ክፍል በቆየሁባቸው ዓመታት ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ ጨዋታ ነው።

“የ4 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት ተብሏል። ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል። ስነካበት ይጮሃል። ልደብቅበት?” (እናት፣ ከመናኸሪያ)

አይ እህቴ፣ አትደብቂበት። ኦቲዝም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የእድገት እክል ነው። መደርደሩ ላንቺ ጨዋታ አይመስልሽ ይሆናል። ለሱ ግን ነው። ድምፁም ሰውም ሲበዛበት፣ ያ ሰልፍ ባስቀመጠበት የሚያገኘው ነገር ነው።

ነገ እንዲህ አድርጊ። የራስሽን ቆርኪ ይዘሽ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ በይ። የሱን አትንኪ። አንቺም የራስሽን ደርድሪ። እሱ ቀይ ሲያስቀምጥ አንቺም ቀይ አስቀምጪ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ሰረቅ አድርጎ ያይሻል። ያቺን እይታ አትናቂያት። ልጅ ቃል የሚለምደው ከሌላ ሰው ጋር አንድን ነገር አብሮ ሲያይ ነው።

ቀጥሎ ቆርኪዎቹን በጣሳ ያዢና አንድ በአንድ አቀብዪው። አሁን ጨዋታው ውስጥ ሥራ አገኘሽ ማለት ነው። “እንካ” ብቻ በይ። ሲለምድሽ ቆርኪውን ያዝ አድርገሽ ቆዪ። በሆድሽ እስከ 10 ቁጠሪ። እጁን ይዘረጋል፣ ወይ ያይሻል፣ ወይ ድምፅ ያወጣል። ወዲያው ስጪው። “ስጪኝ በል! በል እንጂ!” አትበዪው። ይሄ የሁላችንም ልማድ ነው። ልጅ ባየን ቁጥር “ይሄ ምንድን ነው?” እያልን እንፈትነዋለን። ፈተና የበዛበት ልጅ ደግሞ ይሸሻል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ወር ሙሉ እርሳስ ላስይዘው ታገልኩ። እሱ የሚፈልገው በር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከበሩ ወዲያ ቆሜ “አኩኩሉ!” አልኩት። ከፈተ፣ አየኝ፣ ሳቀ፣ ዘጋው። ደግሜ “አኩኩሉ!” አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ተጫወትን። ከዚያ አንድ ጠዋት ከበሩ ኋላ “አልነጋ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከሱ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። አሁንም ሳስበው ዓይኔ እንባ ይሞላል።

በኋላ ላይ ከእንቁላል ካርቶን 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ቁረጪለት። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ቆርኪ። ቁጥር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዕቃ አፉ ውስጥ የሚከት ከሆነ ግን ቆርኪው ይቅር፣ በጀሪካን ክዳን ተጫወቱ።

“የልጄ ልጅ 3 ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉን። በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ያያል። እሱ ምን ሊጫወት ይችላል ልጄ?” (አያት፣ ከሀዌላ ቱላ)

እማማ፣ ብዙ ነገር ይችላል። መጀመሪያ ግን ከጀርባው እናንሳው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ፣ ማለትም አንጎሉ እንቅስቃሴውን በደንብ የማያዝለት፣ በጀርባው ሲተኛ ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይገተራል፣ እጆቹም ወደ ጎን ይሄዳሉ። ሁለቱ እጆች ካልተገናኙ ደግሞ ምን ይዞ ይጫወታል? በጎኑ ያስተኙት። ከጀርባው የተጠቀለለ ጋቢ ያድርጉለት፣ ጭንቅላቱንም ትራስ ያስደግፉት። እጆቹ ከፊቱ ይገናኛሉ፣ ዓይኑም ያያቸዋል።

ለመቀመጥ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል። ዙሪያውን በብርድ ልብስ ይሙሉት። ወይም እርስዎ ግድግዳ ተደግፈው በእግርዎ መሃል ያስቀምጡት። ከፊቱ የቁልፍ ዘለላና የብረት ማንኪያ በገመድ ያንጠልጥሉለት፣ እጁ ትንሽ ነካ ሲያደርገው የሚጮህ እንዲሆን። መጀመሪያ ሳያስበው ይነካዋል። ከዚያ ድምፁን የሚያመጣው እሱ መሆኑ ይገባዋል። ይህ ቀን ሲመጣ ፊቱ ላይ ያዩታል። እጁን ግን ይዘው አይምቱለት፣ ይጠብቁት። ለኛ አንድ አፍታ የሆነው ለሱ ሰውነት ረጅም ሥራ ነው።

ሌላው እቃቃ ነው። ሊጥ ስታቦኩ ትንሽ ቆንጥረው እጁ ላይ ያድርጉለት። ተረትም አይለየው፤ “ተረት ተረት” ሲሉት “የላም በረት”ን በፈገግታ ቢመልስልዎ መልስ ነው።

ሳልረሳው፣ በጀርባው እንደተኛ አያብሉት። ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) ክፍል ሲሄዱም አቀማመጡን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ልጅ በልጅ ይለያያል።

“ስልክ ስሰጠው ዝም ይላል። ችግር አለው?” (እናት፣ ከአዲስ ከተማ)

ወጥ እስክትሠሪ ብትሰጪው አልፈርድብሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባይሰጥ ይሻላል። ስልክ አይጠብቀውም፣ አያየውም። ያንን ማድረግ የምትችዪው አንቺ ነሽ።

“ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድረም አላት። የሰፈር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ዳር ቁጭ ትላለች። ትጎዳብኛለች ብዬ ፈራሁ።” (አባት፣ ከታቦር)

ፍርሃትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን አስገባት። ዳውን ሲንድረም አብሯት የተወለደ የእድገት እክል ነው፤ ጡንቻዋ ላላ ስለሚል በአንድ እግር መዝለል ይከብዳታል። ስለዚህ በሁለት እግር እንድትዘል ለልጆቹ ንገራቸው፣ ሣጥኑንም ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉት። ልጆች ሕግ ለማሻሻል ከኛ ይፈጥናሉ። እሷ በቃል ብቻ ከሚነገራት የሚታያትን ቶሎ ትይዛለች። አንድ ጎበዝ ልጅ ከፊቷ እየዘለለ ያሳያት።

ጥንቃቄው ይህ ነው። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ልቧ ታይቶ የማያውቅ ከሆነ ሐኪም ይየው። በጭንቅላት መገልበጥ ይቅርባት፤ የአንገት አጥንታቸው መገጣጠሚያ ሊላላ ይችላል። ስትጠራት ዝም ካለችህም “እልኸኛ ናት” ከማለትህ በፊት ጆሮዋን አስመርምር። የመስማት ችግር በነዚህ ልጆች ላይ የተለመደ ነው።

“አንድ መዋዕለ ሕፃናት ‘ልጃችሁ ይረብሻል’ ብሎ መለሰን።” (ወላጆች፣ ከባህል አዳራሽ)

በጣም አዝኛለሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። የማይቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ውሰዱት። ለሚቀጥለው መምህር ደግሞ በአንድ ገጽ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ያዙ፦ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ምን እንደሚያረጋጋው። ብዙ መምህራን እምቢ የሚሉት ግራ ስለሚገባቸው ነው።

“ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ፍቅር ሐይቅ መውሰድ እፈልጋለሁ። ግን ይሮጣል፣ ሰውም ያፈጥበታል።” (አባት፣ ከሀይቅ ዳር)

ውሰደው። ግን ስለ ውሃው በግልጽ ልንገርህ። ኦቲዝም ያለባቸውን ብዙ ልጆች ውሃ ይስባቸዋል፣ አደጋውም አይታያቸውም። ሥራው እሱን መጠበቅ ብቻ የሆነ አንድ ሰው ይኑር፣ ስልክ የማይነካ። ደማቅ ሸሚዝ አልብሰው። ስልክ ቁጥርህን ሸሚዙ ውስጥ ጻፍ። ድንገት ከዓይንህ ከጠፋ መጀመሪያ ውሃው ዳር ፈልገው።

እሁድ በማለዳ ሂዱ፣ ሰው ሳይበዛ። ለሚያፈጥ ሰው “ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ ሰላም በሉት” በለው። ብዙው ሰው ሰላም ይለዋል።

ከዚያ እጁን እንደያዝክ ጠጠር ልቀሙ። “አንድ… ሁለት…” በልና ዝም በል። ወዳንተ ዞር ሲል “ሦስት!” ብለህ ወርውር፣ ጧ ይበል። ደግመህ፣ ደግመህ። አንድ እሁድ “ሦስት”ን ራሱ ይላት ይሆናል። ካላለም ጠጠሩን እጅህ ላይ ሲያስቀምጥልህ ወርውርለት።