ያለ ጥፋቱ የተፈረደበትን ሰው ማገዝ ሥራ ይሆናል ወይ?

ደብዳቤውን የጻፈችልኝ የጅማ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 24 ነው። በሥነ ዜጋ ዲግሪ ይዛ ሥራ ስላጣች ፍርድ ቤት አካባቢ ባለ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ትተይባለች። እንዲህ ትላለች፦ "ከሰቃ በኩል የመጡ እናት የልጃቸውን የውሳኔ ግልባጭ ይዘው መጡ። 'ልጄ ያን ሌሊት ከእኔ ጋር ነበር፤ ማን ይስማኝ?' አሉኝ። እየተየብኩ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸውን የሚያስፈቱ ድርጅቶች እንዳሉ፣ ጠበቃ ሳይሆኑ የጠበቃን ሥራ የሚያግዙ ፓራሊጋሎችም እንደሚሠሩባቸው አነበብኩ። እኔም ይህን መሥራት እፈልጋለሁ። እዚህ አለ? እንደገና ሕግ መማር አለብኝ? እንጀራስ ይሆነኛል?"

እህቴ፣ ሦስቱንም በቀጥታ ልመልስልሽ። ሥራው አለ፤ ስሙ ግን በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ብዙም አይታይም። ሕግ መማርሽ አይቀርም፤ ለመጀመር ግን ዲግሪው እስኪያልቅ አትጠብቂም። እንጀራው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀጭን ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ እንድታውቂው የምፈልገው ግን አሜሪካኖቹ የሚገቡበት በርና አንቺ ጅማ ላይ የምትገቢበት በር እንደሚለያይ ነው። ይህን ሳታውቂ ከጀመርሽ ልብሽ ቶሎ ይሰበራል። እንዲሰበር ደግሞ አልፈልግም። እንዳንቺ ዓይነት ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ከእነሱ ልጀምር። በአሜሪካ ይህን ሥራ በድርጅት ደረጃ ካስጀመሩት አንዱ ጂም ማክሎስኪ ነው። ጠበቃ አልነበረም። የንግድ ሥራውን ትቶ ነገረ መለኮት ሲማር ኒው ጀርሲ ውስጥ እስረኞችን ይጎበኝ ነበር። አንድ እስረኛ "እኔ አይደለሁም" ብሎ ሲምልለት ዝም ብሎ አላለፈውም። መዝገቡን አነበበ፤ ምስክሮቹን እየዞረ አነጋገረ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1983 ተፈታ። ማክሎስኪም በዚያው ዓመት ሴንቱሪዮን የተባለውን ድርጅት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ የተባሉ ጠበቆች ኒው ዮርክ በሚገኘው የካርዶዞ ሕግ ትምህርት ቤት ኢኖሰንስ ፕሮጀክትን ጀመሩ። የእነሱ ዋና መሣሪያ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው።

ከርክ ብለድስወርዝ የሚባለውን ሰው ጉዳይ ፈልገሽ አንብቢ። ሜሪላንድ ውስጥ የ9 ዓመት ሕፃን ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ሞት ተፈረደበት። አምስት ምስክሮች አይተነዋል ብለው ነበር። በ1993 ዲ ኤን ኤው ሲመረመር የእሱ አለመሆኑ ታወቀና ተፈታ። እውነተኛው ገዳይ የታወቀው በ2003 ነው። ለምርመራው የተፈለገው ማስረጃ የተገኘው የት መሰለሽ? በዳኛው ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ። አጥብቆ የፈለገው ሰው ባይኖር እዚያው ይቀር ነበር። ዲ ኤን ኤ የሚመረምረው ሳይንቲስት ነው። ካርቶኑ የት እንደገባ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ደውሎ፣ ተመላልሶ የሚያገኘው ግን እንዳንቺ ያለ ሰው ነው። የፓራሊጋል ሥራ ይኸው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባል። ይግባኙ ካለቀ ሰበር ችሎት አለ። ሰበር ግን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው የሚያየው። "ምስክሩ ዋሽቷል" የሚለው ክርክር እዚያ ሰሚ አያገኝም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ አዲስ ማስረጃ ከተገኘ ፍርድ እንደገና የሚታይበት አንቀጽ አለ። ለወንጀል ፍርድ ግን ያ የ1954ቱ ሕግ እንዲህ ያለ በር በግልጽ አላስቀመጠም። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ አንቺንም ሊያሳስብሽ ይገባል። ይቅርታም ቢሆን ቅጣቱን ያነሳል እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም። ሰውየው ይፈታል፤ ወንጀለኛ የሚለው ስም ግን አብሮት ይኖራል።

ስለዚህ እኛ አገር ንጹሕ ሰው የሚድነውም የሚጠፋውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ፖሊስ ቃል ሲቀበል፣ አስተርጓሚ ሲጠፋ፣ መከላከያ ምስክር ሳይጠራ ሲቀር፣ የይግባኝ ቀን ሲያልፍ። አንቺ መቆም ያለብሽ እዚያ ላይ ነው። አሁን የተቀመጥሽበት ወንበር ደግሞ ለዚህ ቅርብ ነው። ከነገ ጀምሮ አቤቱታ ለማስጻፍ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ፍርዱ መቼ ተሰጠ? ግልባጩን መቼ ወሰዳችሁ? መልሱን በቀን ጽፈሽ ያዢ። ቀኑ ሊሞላ ከሆነ ያንኑ ሰዓት ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ላኪያቸው። የእኚያ እናት ልጅ ቀኑ አልፎበት ከሆነም ነገሩ አልቋል አትበያቸው። መዘግየቱ በእሱ ጥፋት ካልመጣ የይግባኝ ማስፈቀጃ አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድ አለ። ምክንያቱ ግን በማስረጃ መደገፍ አለበት። ታሞ ከነበረ የሐኪም ወረቀት፣ ግልባጩ ዘግይቶ ከሆነ የመዝገብ ቤቱ ቀንና ፊርማ። እነዚህን ወረቀቶች ማሰባሰብ ራሱ አንድ ሙሉ ሥራ ነው።

ሕገ መንግሥቱን በደንብ አንብቢ፤ በተለይ አንቀጽ 19ን፣ 20ንና 21ን። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ለማያውቅም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል።

ይህች የቋንቋ ነገር ጅማ ላይ ቀላል አይደለችም። ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። ጉዳዩ ፌዴራል ሰበር ከደረሰ ደግሞ ወረቀቱ ወደ አማርኛ ይዞራል። ቡና ለቀማ ሲደርስ ከዳውሮም ከከፋም የቀን ሠራተኛ ይመጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ቢከሰስ አጠገቡ ዘመድ የለው፣ መከላከያ ምስክር የሚጠራለት የለው፣ የተባለውም በደንብ አይገባው። አፋን ኦሮሞ ትችዪ እንደሆነ በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። የማትችዪ ከሆነ ከሕግ ዲግሪውም በፊት እሱን ቅደሚ። የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ሲቪሽ ላይ ከላይ አድርጊው፤ ከአማርኛው ጋር ሁለቱን በጽሑፍ ደረጃ የምታውቅ ረዳት ለማንኛውም የሕግ ቢሮ ትልቅ ነገር ናት።

አሁን መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ ላሳይሽ። አንድ ወረቀት ውሰጂና ለሦስት ክፈዪው። በአንዱ በኩል ቀንና ሰዓት፣ በሁለተኛው የተባለው ነገር፣ በሦስተኛው ማን እንዳለውና በየትኛው ገጽ እንደተጻፈ። ክሱን፣ የፖሊስ ቃሉን፣ የችሎት ቃሉንና ውሳኔውን በዚህ መልክ አውጪ። አስተያየት አትጨምሪ። ሲያልቅ አንድ ሰው ለፖሊስ ያለውና ለችሎት ያለው የት ላይ እንደሚለያይ ራሱ ይታይሻል።

ለምሳሌ ምስክሩ "ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ከጅማ ገበያ ስመለስ አየሁት" ካለ ካሌንደር አውጪና ያ ቀን በእርግጥ ሐሙስ መሆኑን እዪ። ሰዓቱንም ልብ በዪ። ሰው "ሁለት ሰዓት" ሲል የጠዋቱን ይሁን የማታውን ጸሐፊው ሳይለይ ሊጽፈው ይችላል። ሌላው የጨረቃ ነገር ነው። ምስክሩ "ከሌሊቱ 7 ሰዓት በጨረቃ ብርሃን ለየሁት" ካለ ያ ቀን በሂጅራ ስንት እንደነበር ፈልጊ። ጅማ ላይ ይህን የሚነግርሽ ሰው አታጪም። ወሩ በገባ በሁለተኛው ቀን ከሆነ ጨረቃዋ ገና በጊዜ ትጠልቃለች። በ7 ሰዓት የምታበራ ጨረቃ የለችም። ወሩ 14 ከሆነ ግን ሙሉ ጨረቃ ናት፤ ምስክሩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሐምሌ ከሆነ ደመናም አለ። ያገኘሽውን ለተከሳሹ ቢጠቅምም ቢጎዳም እንዳለ ጻፊና ለጠበቃው ስጪ። የሚጎዳውን የምትደብቂ ከሆነ ጠበቃው ችሎት ላይ ሳይዘጋጅ ይያዛል።

ምስክር ስታገኚ ደግሞ አድምጪ እንጂ አታስጠኚ። "እንዲህ በል" ያልሽው ቀን የንጹሑንም ሰው ጉዳይ ታበላሺያለሽ። የነገሩሽንም ቡና ላይ አታውሪ፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ቶሎ ይደርሳል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ወደ አንቺ የሚመጣው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የሠራም ይምላል። እናት ደግሞ ልጇን ታምናለች፤ እንዴት አታምን? አንቺ ዳኛ አይደለሽም። ጥያቄሽ "መዝገቡ ምን ያሳያል?" ብቻ ይሁን። ማንንም "አስፈታዋለሁ" አትበዪ። እናቲቱ ያቺን ቃል ይዘው በሬያቸውን ሊሸጡ ይችላሉ። ከቤተሰብ በእጅሽ አንድ ብር እንዳትቀበዪ። ፈቃድ ሳይኖራቸው ከደሃ ገንዘብ እየተቀበሉ "ጉዳይ እናስፈጽማለን" የሚሉ ሰዎች በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ አሉ። አንድ ጊዜ ከእነሱ ጋር ከተቆጠርሽ ዳኛም፣ የፍርድ ቤቱን መዝገብ የሚይዘው ሬጅስትራርም አያምንሽም። በሕግም ያስጠይቅሻል።

ወደ ሥራ ፍለጋው እንምጣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። በፍርድ ቤት በኩል የተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ የብዙ ሰው መዝገብ በአንድ ጠበቃ እጅ ነው፣ ረዳት ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለዓመታት የኅብረተሰብ ፓራሊጋሎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ማስታወቂያ ስታዪ "ፓራሊጋል" የሚለውን ብቻ አትፈልጊ። የሕግ ረዳት፣ የፕሮጀክት ረዳት፣ የችሎት ጸሐፊ፣ ሬጅስትራር የሚሉትንም እዪ። ሁለት ዓመት ሬጅስትራር ቢሮ መሥራት መዝገብ እንዴት እንደሚሄድና የት እንደሚጠፋ ያሳይሻል። እኔ ብሆን እሱን እመርጥ ነበር።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገርሽ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አግዶ ነበር። በ2011 አዋጅ 1113 ሲወጣ በሩ ተከፍቷል። ሆኖም አሁንም አብዛኛው ሥራ በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ቶሎ አትልቀቂ። ቤት ኪራይ የምትከፍዪ፣ ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ በቋሚ የመንግሥት ቦታ ላይ ሆነሽ ይህን በትርፍ ሰዓት መሥራቱ ያዋጣሻል።

ሕጉን በማታ ወይም በኤክስቴንሽን ተማሪ። ረጅም ነው፤ መውጫ ፈተናም አለው። ከዚያ በኋላ በክልል ፍርድ ቤት ለመቆም የክልሉ፣ በፌዴራል ለመቆም የፌዴራሉ የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልግሻል። እስከዚያ ድረስ ያነበብሽው መዝገብ ሁሉ ትምህርትሽን ያቀልልሻል። ሌላው የሚሸመድደውን አንቀጽ አንቺ በሰው ላይ ሲሠራ አይተሽዋል።

ወደ ሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ስትሄጂ ሲቪ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ባለጉዳዩ ከፈቀደ የአንድ ውሳኔ ግልባጭ ወስደሽ ከላይ ባልኩሽ መንገድ ሠንጠረዡን ሥሪ። ስም ሁሉ ይሸፈን። ሁለት ገጽ አይለፍ። "በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን በነጻ ልሥራ፣ ለሦስት ወር ሞክሩኝ" በያቸው። የምትሠሪው ፍርድ ቤቱ አካባቢ ስለሆነ የግልባጭ ክትትሉን እኔ ልያዘው ብትዪ ደስ ይላቸዋል። እሺ ካሉሽ የማረሚያ ቤት ጉብኝቱን በእነሱ ደብዳቤ አድርጊው፤ ብቻሽን በራስሽ ስም አትሂጂ። ሠንጠረዡን ስትጨርሺ ወደ እኔም ላኪልኝ፤ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።