አግኖስቲክ ማለት ከሃዲ ማለት ነው ወይ?

እህቴ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድምሽ «አግኖስቲክ ነኝ» ስላለ ቤተሰቡ «ካደ» ብሎ ደንግጧል፤ እውነት ክህደት ነው ወይ ብለሻል። እንደሱ አይደለም። «እግዚአብሔር የለም» የሚለው ኤቲስት ነው። አግኖስቲክ «መኖሩንም አለመኖሩንም አላውቅም» ባይ ነው።

ቃሉን የፈጠረው በ1869 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሀክስሊ ነው፤ ያ የዳርዊን ጠበቃ። ጓደኞቹ ሁሉ ለአቋማቸው ስም ሲኖራቸው እሱ አልነበረውም። ስለዚህ ከግሪክ ተበደረ፤ «አ» አፍራሽ ናት፣ «ግኖሲስ» ዕውቀት። ምስጢሩን እናውቃለን ይሉ የነበሩትን የጥንት ግኖስቲኮች ሸንቆጥ ማድረጉም ነው። ሥሩን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ታገኚዋለሽ። ጳውሎስ አቴና ላይ ያየው «ለማይታወቅ አምላክ» የሚለው ጽሑፍ (ሐዋ. 17፥23) በግሪኩ «አግኖስቶ» ይላል።

ከጎንደር ዘመኑ የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ጋር ማመሳሰልሽ ግን አያስኬድም። ሊቃውንቱ በነገሥታቱ ፊት የተሟገቱት ስለ ክርስቶስ መቀባት ምስጢር ነው። የአምላክ መኖር አላጨቃጨቃቸውም።

ለማንኛውም ወንድምሽን ጠይቂው፦ «ጨርሶ አይታወቅም» ነው የሚለው ወይስ «እኔ ገና አላወቅሁም»? ሁለቱም አግኖስቲክ ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።